ኳሱ ለክለቡ፣ ስድቡ ለእናት

የእግር ኳስ ነገር የወንዶች ጉዳይ ነው እየተባለ በእንዲህ ያለው ዓምድ እምብዛም ሲነሣ አይታይም። ይሁን እንጂ ማልያውን የምታጥበው፣ የትኬቱን ገንዘብ ከአስቤዛው ላይ ቀንሳ የምትሰጠው፣ ልጁ እስኪገባ ድረስ በሩን ሳትቀረቅር የምትጠብቀው እናት ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የቤታችንም ነው።

የክለብ ፍቅር የሚጀምረውም ከቤት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ጣልያን ገና አዲስ አበባን አልያዘም ነበር። እንግዲህ ዛሬ «ሳንጅዬ» እያለ ከሚጮኸው ወጣት መካከል አባቱ ብቻ ሳይሆኑ አያቱም የዚያው ክለብ ደጋፊ የነበሩ ሞልተዋል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመውን ኢትዮጵያ ቡናን ደግሞ ትልልቆቹ አንዳንዴ አሁንም «ቡና ገበያ» ይሉታል። ጊዮርጊስ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከአሥር ጊዜ በላይ ሲወስድ፣ ቡና በ2003 ዓ.ም. ያገኛትን ዋንጫ ደጋፊው እስከ ዛሬ እንደ ትናንት ያወራታል። ፍቅር በዋንጫ ብዛት የሚለካ ቢሆን ኖሮ የቡና ደጋፊ ገና ድሮ በተበተነ ነበር።

ሁለቱ ክለቦች በአዲስ አበባ ስታዲየም በሚገናኙበት ቀን ሰልፉ የሚጀመረው ከማለዳው ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ የሚባሉት መቀመጫዎች ጨዋታው ከመጀመሩ ብዙ ሰዓት አስቀድሞ ይሞላሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የሚነሣ ግን የለም። ከሁሉ የሚገርመኝ አስጨፋሪው ነው። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ ላቡ እስኪንቆረቆር ሲያዘምር ይውላል። ጎል ሲገባ እንኳ የሚያውቀው ከሰዉ ፊት ነው። ይህን ያህል ራሱን ለሌላው የሚሰጥ ሰው በመሥሪያ ቤትም ቢገኝ እንዴት ጥሩ ነበር!

ታዲያ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ዜማው ይለወጣል። ዳኛው ቢሳሳት እናቱ ትሰደባለች። በረኛው ኳስ ቢያመልጠው እናቱ ትሰደባለች። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ደጋፊ ምንም ሳያጠፋ እናቱም እኅቱም ይሰደባሉ፤ እሱም በተራው ይመልሳል። በዚህ መካከል ቆሎና ለውዝ በትንሽ ስኒ እየሰፈረች በየደረጃው የምትዞረው ሴት ሁሉንም ትሰማለች። እሷም የሰው እናት ናት። ጆሮዋን ብትይዝ ቆሎው ይደፋባታል።

በዚህ ምክንያት ብዙ አባት ወንድ ልጁን ይዞ ሲሄድ ሴት ልጁን ከቤት ይተዋል። ክለቧን እንደ ወንድሟ የምትወድ ልጅ የአንገት ልብሷን አጣጥፋ በቴሌቪዥን ታያለች። የደፈረችውም ብትሆን ከወንድሞቿ መካከል ገብታ ነው የምትቀመጠው።

«ስሜት ነው፤ ደጋፊ በኳስ ሜዳ ምን እንደሚናገር አያውቅም» የሚሉ አሉ። በበኩሌ አልቀበለውም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ፣ በዚያው ስታዲየም የጊዮርጊሱም የቡናውም ደጋፊ አንድ ባንዲራ ለብሶ ጎን ለጎን ዘምሯል። ስሜት ከተባለ ከዚያ ቀን የበለጠ ስሜት ከየት ይመጣል? ደግሞም ደጋፊው ሲሳደብ ክለቡ በገንዘብ እንደሚቀጣ ያውቃል። ቅጣቱን የሚከፍለው እወደዋለሁ የሚለው ክለብ ነው። ለተሰደበችው እናት ግን የሚደርሳት ነገር የለም።

በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ተጨምሯል። አዳማ ቅርብ ነው፤ ሐዋሳና ድሬዳዋ ግን ደርሶ መልስ ብዙ ብርና ረጅም መንገድ ይጠይቃሉ። ስንት እናት በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ እንደምታድር ራሷ ታውቀዋለች።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ ጊዮርጊስ፣ ታናሹ ቡና። ኳስ ሜዳ እንዳይሄዱ ከልክለው አያውቁም። አንድ ደንብ ብቻ አላቸው። ማንም ድምፁ ተዘግቶ ቢመጣ፣ ሲጮኽ የዋለውን እራት ላይ ለእናቱ መድገም አለበት። ባለፈው ጊዜ ታናሹ ተሸንፈው ኖሮ ጉሮሮው ሻክሮ ገባ።

«እስቲ ልጄ፣ ምን ስትል ዋልክ?» አሉት እንጀራውን እየዘረጉ።

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብኝ» አለና አንገቱን ደፋ። ታላቁ ሊስቅ ሲል እሱም ተራው እንደሚደርስ ትዝ አለውና ዝም ብሎ መጉረስ ጀመረ።