ጣሊያን ሲገባ ስንት ዓመትዎ ነበር?

ብዙዎቻችን እናቶቻችንን «መቼ ተወለዱ?» ብለን ስንጠይቅ «ያን ጊዜ ማን ጽፎት፣ ልጄ» የሚል መልስ እናገኛለን። ይህ ማለት ግን ዕድሜያቸውን አያውቁም ማለት አይደለም። በጎንደር ገጠር የኖረች ሴት ዘመኗን የምትቆጥረው በንጉሡ፣ በጦርነቱ፣ በረሃቡ፣ በሠርጓና በልጆቿ ነው። አጠያየቁን ካወቅንበት ዕድሜዋም ታሪኳም ከአንደበቷ ይገኛል።

ለምሳሌ አንዲት እናት «ጣሊያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር፤ ሲወጣ ተዳርኩ» አሉን እንበል። የኢጣሊያ ጦር ድንበር የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በጎንደር የነበረው ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለጎንደር ሰው «ጣሊያን ሲወጣ» ማለት 1934 ሊሆን ይችላል። ጥጃ ጠባቂዋን የ7 ዓመት ልጅ ብንላት፣ የተወለደችው በ1921 ዓ.ም. ገደማ፣ የተዳረችውም በ13 ዓመቷ ነው።

ወደ እዚህ አገር አቆጣጠር ስንለውጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት እንጨምራለን። እንግዲህ የእኚህ እናት ልደት 1928 ወይም 1929 እ.ኤ.አ. ይሆናል። መታወቂያቸው ላይ 1940 ተጽፎ ከተገኘ፣ ገና ጡት ሳይጥሉ ተዳሩ ማለት ነው! ነገሩ ቢያስቅም ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ዕድሜዋ አንሶ የተጻፈባት እናት የጡረታ አበሏን የምታገኘው ዘግይታ ነው።

ጣሊያንን የሚያስታውሱ እናቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ ያነሱትን በ1966 ዓ.ም. አብዮት ወይም በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ መጠየቅ ይቻላል። አብዛኛው ቤተ እስራኤል በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ያርስ ስለነበር ያ አዋጅ አይረሳም። ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል የተደረገው የሙሴ ዘመቻ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ ሕዝብ በ36 ሰዓት ያህል የመጣበት የሰሎሞን ዘመቻ አለ።

በየዘመኑ «ያኔ ምን ይሠሩ ነበር? የትኛውን ልጅ አዝለው ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ሸክላ ሲሠሩ፣ ጥጥ ሲፈትሉ፣ አራስ ጎጆ ሳሉ የሰሙት ወሬ ከመጽሐፍ አይገኝም። በሱዳን መንገድና በመጠለያው 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል፤ እናት ግን የምትቆጥረው በቁጥር ሳይሆን በየስማቸው ነው። ስለዚህ ሱዳን ላይ ስንደርስ አናጣድፋቸው፤ ዝም ካሉም ዝም እንበል።

ያሉትን እንዳሉት በድምፅ እንቅረጽ፤ ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር እንጻፍ። የልጅ ልጆቻችን አማርኛውን ባይሰሙት እንኳ ተተርጉሞ ይደርሳቸዋል። ሳይጠየቅ ያለፈውን ግን የሚተረጉመው የለም።