የግብር ሰብሳቢ ዓይን እስከ የት ያያል?

በእኛ በዋጃ ገበያ በሬ የሸጠ ሰው ከማንም አይሰወርም። በሬው በገመድ ተስቦ ይመጣል፤ ዋጋውን ደላላው ያውቀዋል፤ ጎረቤት ያወራዋል። እኛ እጩ መምህራንም ነገ ስንቀጠር ግብራችን ደሞዙ እጃችን ሳይገባ ተቆርጦ ይቀራል። እንደብቅ ብንል እንኳ አይሆንልንም።

ታዲያ አገር ለአገር የሚነግድ ኩባንያስ? አንድ ድርጅት 100 ብር የሚያወጣ ሰሊጥ ውጭ አገር ላለ እህት ኩባንያው በ60 ብር ሸጥኩ ብሎ ደረሰኝ ቆረጠ እንበል። እህትየው በ100 ትሸጠዋለች። 40ው ብር ግብር ዝቅ ባለበት አገር ባንክ ቁጭ ይላል። የእኛ ገቢ ሰብሳቢ የሚያየው 60ውን ብቻ ነው፤ የሰው አገር ባንክ መዝገብ ለመግለጥ ሥልጣን የለውም። ያለው መንገድ የዚያን አገር መንግሥት መጠየቅ ነው።

የግብር መረጃ ልውውጥ የሚባለው ይኸው ነው። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ከቻይና፣ በ2003 ከህንድና ከብሪታኒያ ጋር የተፈራረመቻቸው ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነቶች ስለዚህ የሚናገር አንቀጽ አላቸው። ግን ጠያቂው ማንን እንደሚፈልግና ለምን እንደሚፈልገው ለይቶ መጻፍ አለበት፤ መኖሩን የማያውቁትን ሒሳብ እንዴት አድርገው ይጠይቁታል! የሚሻለው ሳይጠየቁ በየዓመቱ የባንክ መረጃ መላላክ ሲሆን፣ ከ2010 ጀምሮ ብዙ አገሮች ያደርጉታል። ዳሩ ግን ለመቀበል መስጠትም ግድ ነው። የራስን ባንኮች መረጃ ሰብስቦ፣ ምሥጢሩን ጠብቆ መላክ ደግሞ መሣሪያና ባለሙያ ይጠይቃል። ድሃ አገር የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

ታቦ ምቤኪ የመሩት ቡድን በ2007 ባወጣው ሪፖርት፣ አፍሪካ በሕገወጥ የገንዘብ ፍሰት በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታጣለች ብሏል። በልምምድ ማስተማር ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚጽፉ ልጆችን ያየ ሰው ይህን ቁጥር እንዲሁ አያልፈውም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ አዲስ አበባ በተደረገው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ፣ ታዳጊ አገሮች የግብር ደንብ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር እኩል ተቀምጠን እናውጣ ብለው ቢሟገቱ ሀብታሞቹ እምቢ አሉ። ደንቡ ይረቀቅ የነበረው በአብዛኛው የእነሱ ማኅበር በሆነው በኦኢሲዲ ነበርና። ኅዳር 12 ቀን 2016 ግን የአፍሪካ አገሮች ያቀረቡት ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤው ኮሚቴ በ125 ድጋፍና በ48 ተቃውሞ አለፈ። የስምምነቱ ድርድር በ2020 መጀመሪያ ላይ እንዲያልቅ ታስቧል። ከላይ ከጠቀስኳቸው ሦስት አገሮች ቻይናና ህንድ ደግፈዋል፤ ብሪታኒያ ተቃውማለች።