ቲማቲም ማበቢያ ጊዜውን በምን ያውቃል?

በረንዳው ላይ ቲማቲም የተከለ ሰው ችግኙ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን ይቁጠር። ስምንት ያህል ቅጠል ካወጣ በኋላ የመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ብቅ ይላል። ድጋፍ እየያዙ ወደ ላይ በሚሳቡት ዝርያዎች ከዚያ በኋላ በየሦስት ቅጠሉ አንድ ዘለላ ይወጣል። አጫጭሮቹ ግን በዘለላ መካከል ያለው ቅጠላቸው እየቀነሰ ሄዶ እድገታቸው ይቆማል። ይህን ቆጠራ የሚመሩት ዘረመሎች (ጂኖች) ናቸው።

ሚካሂል ቻይላኽያን የተባለ የሶቪየት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ቅጠል አበባ የሚያዝዝ መልእክት ወደ ቀንበጡ እንደሚልክ ተናግሮ ስሙን ፍሎሪጅን አለው። መልእክቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ 70 ዓመት ያህል አለፈ። በ2006 በሃይፋው ቴክኒዮን ኤሊኤዘር ሊፍሺትዝ፣ በረሆቮቱ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ዩቫል ኤሼድና ባልደረቦቻቸው ኤስኤፍቲ የተባለውን የቲማቲም ዘረመል መረመሩ። ይህ ዘረመል የተበላሸበት ቲማቲም ዘግይቶ ያብባል፤ ዘለላውም አንድ አበባ ብቻ ይዞ ወደ ቅጠል ይመለሳል። ዘረመሉ በብዛት ከሚሠራበት ተክል ጋር በክትበት ሲያያይዙት ግን በወጉ አበበ። ትእዛዙ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው። ዛሬ ፍሎሪጅን ፕሮቲን መሆኑ ታውቋል፤ ቅጠል ውስጥ ተሠርቶ ስኳር በሚጓዝበት መስመር ወደ ቀንበጡ ይደርሳል።

ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ አበባውን የሚቀርጹት ሌሎች ዘረመሎች ናቸው። በ1991 በታወቀው አገላለጽ ሦስት ምድብ አላቸው፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ኤ ብቻውን አረንጓዴውን የውጭ ሽፋን ይሠራል፤ ኤ ከቢ ጋር ባለቀለሙን የአበባ ቅጠል፤ ቢ ከሲ ጋር ወንዴውን፤ ሲ ብቻውን ፍሬ የሚሆነውን ሴቴ ክፍል። የሲ የሥራ ቦታ ሲጠብ ወንዴው ወደ አበባ ቅጠልነት ይለወጣል። የምንወደው ድርብርብ ጽጌረዳ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ለገበሬው ትልቁ ዜና የመጣው በ2010 ነው። ረሆቮት በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ዳኒ ዛሚርና ኡሪ ክሪገር፣ ከአሜሪካዊው ዛክ ሊፕማን ጋር፣ የኤስኤፍቲን ልክ ፈተሹ። ተክል እያንዳንዱን ዘረመል ከእናትና ከአባት ሁለት ሆኖ ይወርሳል። ሁለቱም ጤነኛ ሲሆኑ አጭሩ ቲማቲም እድገቱን ቶሎ ያቆማል፤ ሁለቱም ሲበላሹ አበባው በጣም ያንሳል። አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ የተበላሸ ሲሆን ግን ተክሉ ትንሽ ዘግይቶ ያቆማል፤ በዚያች ጊዜ ተጨማሪ ዘለላዎች ያወጣል። ምርቱም እስከ 60 በመቶ ጨመረ። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ የአበባ ትእዛዝም ልክ አለው።

በረሆቮት ቂርያት ሞሼ ሰፈር የምትኖሩ ወላጆች፣ የዚህ ሥራ ትልቅ ክፍል የተሠራው በገዛ ከተማችሁ ነው። ልጆቻችሁ አንድ የቲማቲም ችግኝ ይትከሉ፤ ቅጠሉንም ይቁጠሩ።