ትዕቢት ይረታልን ወይስ ትሕትና?

ሰው በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው፤ በሥራውም መካከል የሚያናድድ ነገር አይጠፋም። በሬው ከቀንበሩ ያመልጣል፤ ድሩ ይበጠሳል፤ እንጀራው ያርራል፤ ልጁ የተላከበትን ረስቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። እንዲህ ያለው ነገር ለባለጸጋም ለድኻም፣ ለተማረም ላልተማረም እኩል ይመጣል። ነገር ግን አንዱ ሰው ታግሦ ያልፈዋል፤ ሌላው ግን ከትንሽ ነገር ትልቅ ጠብ ያወጣል። የዚህም ልዩነት ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ትዕቢትና ትሕትና ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ምን እንደ ሆኑ፣ እንዴትም እንደሚሠሩ፣ በመጨረሻም ማንኛው እንደሚረታ እንመልከት።

ትዕቢት ማለት ሰው ራሱን ከልኩ በላይ አድርጎ መቍጠር ነው። ከንቱ ውዳሴም የትዕቢት ታናሽ እኅት ናት፤ እርስዋም መልካም ከመሆን ይልቅ መልካም መስሎ መታየትን ትወዳለች። ትሕትና ግን ራስን መናቅ አይደለም፤ ልክን ማወቅ ነው። ትሑት ሰው የሚያውቀውን «አውቃለሁ» ይላል፤ የማያውቀውንም «አላውቅም፤ አስተምሩኝ» ይላል። በባለጸጋ ፊት ከፍርሃት የተነሣ የሚያጎነብስ፣ በድኻ ፊት ግን የሚቈጣ ሰው ትሑት አይባልም፤ እርሱ ፈሪ ነው። እውነተኛ ትሕትና የሚታወቀው «ከእኛ ያንሳሉ» በምንላቸው ሰዎች ፊት ነው።

ልጆች ሆይ፣ አስቀድመን ከእናንተ ሥራ ከንባብ እንጀምር። ፊደልን የሚማር ልጅ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ድረስ በዜማ ይወርዳል። ዜማው ቶሎ በጆሮ ስለሚገባ ልጁ ፊደሉን ሳያይ በቃሉ ሊያወርደው ይችላል። አንዱ ልጅ እንዲህ ጮኾ ሲያወርድ የሚሰሙት ሁሉ ያደንቁታል። ሁለተኛው ልጅ ግን እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካ በቀስታ ይሄዳል፤ የጠፋበትንም ይጠይቃል፤ ጓደኞቹም ይሥቁበታል። በዚያ ቀን ያሸነፈው የመጀመሪያው ልጅ ይመስላል። ነገር ግን መምህሩ ተራውን ትቶ ከመካከል አንዱን ፊደል ሲያመለክት፣ ወይም ፊደሉ በሌላ ተራ በተሰደረበት በአቡጊዳ ሲያስነብብ፣ በቃሉ የያዘው ልጅ ዝም ይላል፤ የተሣቀበት ልጅ ግን ያነባል።

ይህ ለምን ሆነ? የመጀመሪያው ልጅ ከሁለተኛው ሰንፎ አይደለም። አለማወቁን ስለ ሸሸገ የሚያርመው አላገኘም። የትዕቢት ዋናው ጉዳት ይህ ነው፤ ትዕቢተኛ ሰው ጥፋቱን የሚነግረው ያጣል። አንድ ጊዜ ቢነግሩት ይቈጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ ቢነግሩት ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነግረውም። ትሑት ሰው ግን ሁሉ መምህሩ ነው፤ ከታናሹም ከታላቁም ስለሚማር ዕለት ዕለት ይሻሻላል።

የሸማን ሥራ ደግሞ ተመልከቱ። ጥጡ ተለቅሞ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፤ በደጋንም ይነደፋል። ከዚያ እናት በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ፈትሉም ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ሸማኔውም እግሩን በጕድጓድ አግብቶ ተቀምጦ ድሩን ይዘረጋል፤ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረወረ ማጉን ያገባል። ባለ ጥለት ነጠላ ለብሳ በበዓል ቀን የምትታየው ሴት ብቻዋን አልለበሰችም፤ የለቃሚው፣ የነዳፊው፣ የፈታይዋና የሸማኔው እጅ ከእርስዋ ጋር አለ። አንድ ሸማኔ ለመታየት ብሎ ጥለቱን ብቻ አሳምሮ መካከሉን ቢያሳሳው፣ በገበያ ቶሎ ይሸጥለት ይሆናል፤ ነገር ግን ሸማው ሲታጠብ ነገሩ ይገለጣል፤ ገዢውም ሁለተኛ ወደ እርሱ አይመለስም። መካከሉን ያጠበቀው ሸማኔ ግን ሳይናገር ሥራው ይናገርለታል።

ይሁን እንጂ በአገራችን ብዙ ዘመን አንድ ክፉ ልማድ ነበረ። ሰዎች የሠሪውን ሥራ ይወዱ ነበር፤ ሠሪውን ግን ይንቁት ነበር። ሸማ የሚለብሰው ሸማኔውን ይሰድብ ነበር፤ በማረሻ የሚያርሰው ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው» እያለ ይሸሸው ነበር፤ በእንስራ የሚጠጣው ሸክላ ሠሪዋን፣ በኮርቻ የሚቀመጠውም ፋቂውን ያዋርድ ነበር። ይህ ነገር እጅግ የሚያስገርም ነው። ቀጥቃጩ ማረሻ ባይሠራ ገበሬው በምን ያርስ ነበር? ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ባትሠራ እንጀራው በምን ይጋገር ነበር? የተሳዳቢው እንጀራ በተሰዳቢው እጅ ላይ ቆሞ ነበር። በዚህም ትዕቢት የተጐዳው ተሰዳቢው ብቻ አልነበረም፤ አገሪቱም ሁሉ ተጐዳች። ብልህ ልጅ ስድቡን ፈርቶ ከእጅ ሥራ ሸሽቷልና፤ የአባቱም ጥበብ ሳይሻሻል ቀርቷልና።

ስለዚህ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት አዋጅ አወጡ። በአዋጁም ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር ከለከሉ፤ ሲሰድብ የተገኘም እንዲቀጣ አዘዙ። ሕግ ግን አፍን ሊዘጋ ይችላል እንጂ ልብን ሊለውጥ አይችልም። ልብን የሚለውጠው እያንዳንዱ ሰው በቤቱ የሚማረው ትሕትና ነው። ለዚህም ነው አዋጁ ከወጣ በኋላ ንቀቱ በአንድ ቀን ያልጠፋው።

ይህ ነገር እናንተንም ይነካችኋል። ማንበብ የቻለ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። እናቱ «ልጄ፣ ውኃ ቅዳልኝ» ስትለው «እኔ ተማሪ ነኝ» ይላል። አባቱ ጭቃ በእግሩ፣ ሞፈር በትከሻው ይዞ ሲመጣ ጓደኞቹ እንዳያዩበት ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደልን ቈጠረ እንጂ ትምህርትን አላገኘም። መጽሐፉ የተገዛበት ገንዘብ ከዚያ ጭቃ የወጣ ነውና። ውኃ የቀዳ እጅ ብዕር መያዝ አያቅተውም፤ ብዕር የያዘ እጅም ውኃ ቢቀዳ አይረክስም። የተማረ ልጅ ለእናቱ የመጣላትን ደብዳቤ አንብቦ፣ እንስራዋንም ቢያነሣላት፣ ትምህርቱ በእጥፍ ይከበራል። እናቱ በጎረቤቶችዋ ፊት «ልጄ ተማረ» ብላ የምትመካው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ በጎረቤቶች መካከል የሚሆነውን እንመልከት። የአንዱ ሰው ላም ወደ ሌላው እርሻ ገብታ ቡቃያውን በላች እንበል። ባለ እርሻው ተቈጥቶ ይመጣል። ባለ ላሙ ትዕቢተኛ ቢሆን «አጥርህን ለምን አላጠርክም?» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ ቃል የተነሣ ነገሩ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ሁለቱም በዘር ወራት እርሻቸውን ትተው ይመላለሳሉ፤ ምስክር ይቈጠራል፤ ገንዘብ ይወጣል። በመጨረሻም የረታው ሰው እንኳ ከቡቃያው ዋጋ የበለጠ ከስሮ ይመለሳል፤ ልጆቻቸውም በመንገድ ሲገናኙ አይነጋገሩም። ባለ ላሙ ትሑት ቢሆን ግን «ወንድሜ ሆይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሽማግሌ ይገምትልን፤ እከፍላለሁ» ይላል። በዚህ ቃል የባለ እርሻው ቍጣ በግማሽ ይበርዳል። ሽማግሎች ገምተው በአንድ ቀን ያስታርቋቸዋል፤ በማግሥቱም ሁለቱ ጎረቤቶች በሬ ለመቀናጀት ይችላሉ። አንድ ቃል ብቻ እንዲህ ያለ ልዩነት አደረገ።

በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ባል ከእርሻ ደክሞ ይገባል፤ ሚስትም በጢስ ውላ ደክማለች። ምሳው ቢዘገይ አንዱ አንድ ክፉ ቃል ይናገራል፤ ሌላውም ይመልሳል፤ ከዚያ ሁለቱም ያኰርፋሉ። ሁለቱም በልባቸው መታረቅን ይወዳሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ «እኔ ለምን እቀድማለሁ?» ይላል። በዚህ «እኔ ለምን» በሚለው ቃል ቤት ይቀዘቅዛል፤ ልጆችም ሳያጠፉ ይፈራሉ። ቀድሞ «ይቅርታ» ያለው ሰው የተሸነፈ ይመስለዋል፤ ቤቱን ያዳነው ግን እርሱ ነው።

ትዕቢትና ትሕትና በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ ደግሞ ከታሪክ እንማራለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ሥራ የሚያውቁ የውጭ አገር ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቁን መድፍም በዚያ አሠሩ፤ ክብደቱም ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ነበር። በ1860 ዓመተ ምሕረት ይህ መድፍ በተራራና በገደል ወደ መቅደላ ሲጐተት፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ንጉሥ ሲሠራ ያየ ወታደር እንዴት ይቀመጣል? ስለዚህ የማይቻል የሚመስለው ሥራ ተፈጸመ። ይህ የትሕትና ኃይል ነው።

ነገር ግን እኚሁ ንጉሥ በ1855 ዓመተ ምሕረት ወደ እንግሊዝ አገር ለላኩት ደብዳቤ መልስ ባጡ ጊዜ ክብራቸው ስለ ተነካ እጅግ ተቈጡ። የሰውን ደብዳቤ ተቀብሎ ሳይመልሱ መተው የናቂዎች ጥፋት ነው፤ ትዕቢት በዚያም ወገን ነበረ። ንጉሡ ግን የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎችን የውጭ አገር ሰዎች አሰሩ። ከዚህም የተነሣ የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በመቅደላ ሞቱ። ድንጋይ ለማንሣት እጃቸውን ዝቅ ያደረጉ ታላቅ ሰው፣ በንቀት የቈሰለ ልባቸውን ዝቅ ማድረግ እጅግ ከበዳቸው። ስለዚህ ከእጅ ትሕትና ይልቅ የልብ ትሕትና እንደሚከብድ እወቁ።

እንግዲህ ማንኛው ይረታል? እውነቱን እንናገር። ትዕቢትም የምትረታበት ቀን አላት። በገበያ የሚጮኸው ቀድሞ ይታያል፤ በሸንጎ የሚፎክረው ቀድሞ ይሰማል። ትሑት ሰው በዚያ ቀን ከኋላ ሊቀር ይችላል፤ ይህም ያሳዝነዋል። ነገር ግን የአንድ ቀን ድልና የዓመት ድል ልዩ ልዩ ናቸው። ገበሬው በመከር ጊዜ እርሻውን ሲመለከት፣ ፍሬ የያዘው ስንዴ ራሱን ያጎነብሳል፤ በመካከሉ የበቀለው እንክርዳድ ግን ፍሬው ቀላል ስለ ሆነ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሩቅ ለሚያየው እንክርዳዱ የበለጠ ይመስላል። በውቂያ ጊዜ ግን ወደ ጐተራ የሚገባው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ያላወቃችሁትን ለመጠየቅ አትፈሩ፤ የሚጠይቀውንም አትሣቁበት። የአባታችሁን ሥራ በሰው ፊት አትካዱ። የሠራተኛን እጅ አክብሩ፤ ለብሳችሁ የምታጌጡት በእርሱ ነውና። ብታጠፉ ቶሎ «አጥፍቻለሁ» በሉ፤ ቢያጠፉባችሁም «ይቅር ብያለሁ» ለማለት አትዘግዩ። ይህን የሚያደርግ ልጅ ዛሬ ባይመሰገን እንኳ ነገ ሰው ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ድር የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ፈትል ከጓደኛው ጎን ልኩን ጠብቆ ሲተኛ ነው።