ፋታ የማይሰጠው የአስራ አንድ ሰው ልምምድ

በቅርጫት ኳስ ፈጣን መልሶ ማጥቃት ሲነሳ ጭብጨባው ሁሉ ሮጦ ለሚያስቆጥረው ነው። ሥራው የሚጀመረው ግን ከወዲያኛው ቅርጫት ሥር፣ የሳተችውን ኳስ ዘሎ በያዘው ተጫዋች እጅ ነው። የቦስተን ሴልቲክሱ ቢል ራስል ኳሷን ይዞ ሲወርድ ወዲያው ለቦብ ኩዚ ያቀብል ነበር፤ ኩዚም ወደፊት ይዟት ይከንፍ ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1963 ስድስት ጊዜ አብረው ሻምፒዮን ሆነዋል።

ያችን የመጀመሪያ ቅብብል ለማስተማር የአስራ አንድ ሰው ልምምድን የሚያክል አላውቅም። በየቅርጫቱ ፊት ሁለት ሁለት ተከላካዮች ይቆማሉ። በግራና በቀኛቸው፣ ከጠርዙ መስመር አጠገብ፣ ሁለት ሁለት ተቀባዮች ይጠብቃሉ። የቀሩት ሦስቱ ከመሀል ሜዳ ተነስተው በአንደኛው ጫፍ ያሉትን ተከላካዮች ያጠቃሉ። ኳሷ ገባችም ሳተችም፣ ከአምስቱ ቀድሞ የያዛት ሰው ከተቀባዮቹ ለአንዱ ያቀብልና ከሁለቱ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ወደ ሌላኛው ቅርጫት ይገሰግሳል። ከቀሩት አራት ሁለቱ ተከላካይ፣ ሁለቱ ተቀባይ ይሆናሉ። ፊሽካ አያስፈልግም። ረጅሙም አጭሩም ሁሉንም ቦታ ይቀምሳል።

ተከላካዮቹ ጎን ለጎን ከቆሙ በመሀላቸው ይታለፋሉ። አንዱ ከፊት ኳሷን ያስቆማል፤ ሌላው ከኋላ ቅርጫቱን ይጠብቃል። ኳሷ ወደ ክንፍ ስትሄድ የኋላው ይወጣባታል፤ የፊተኛው ወደ ተቃራኒው ጎን ይወርዳል። ከአጥቂዎቹ የመሀሉ ሰው የቅጣት መወርወሪያው መስመር ጋ መቆም አለበት። ጀማሪ ግን እስከ ቅርጫቱ ሥር ይዘልቃል፤ ያኔ ሁለት ሰው ሦስቱንም ያለ ችግር ይይዛቸዋል። የክንፍ ሯጮቹም ጠርዙን ታከው ሄደው መጨረሻ ላይ ነው ወደ ቅርጫቱ የሚታጠፉት። የሜዳውን 15 ሜትር ስፋት ካልተጠቀሙበት የቁጥር ብልጫው ከንቱ ነው።

ጉድለትም አለው። አጥቂው ሁልጊዜ በቁጥር ስለሚበልጥ ሮጦ ተመልሶ መከላከልን አያስተምርም። ስለዚህ ቡድኑ ሲለምደው፣ ወርውሮ የሳተው ተጫዋች ኳሷን የያዘውን እስከ መሀል መስመር እንዲያሳድድ፣ ከዚያ ወደ ቦታው እንዲመለስ ማዘዝ ያስፈልጋል። አሳዳጅ ከኋላው ሲመጣ ተቀባዩ ኳሷን እያነጠረ አይዘገይም፤ ቀና ብሎ ከፊቱ ለሚሮጠው ያቀብላል።