ከካሜራ ሸሽቶ ወደ ጦርነት የገባው መርከበኛ

«ጎድፋዘር»ን ካያችሁ ያንን ፖሊስ ታስታውሱታላችሁ። ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ማይክል ኮርሊዮኔን በቡጢ ብሎ መንጋጋውን የሰበረው፣ በኋላም ምግብ ቤት ውስጥ እራቱን እየበላ በጥይት የተመታው ግዙፉ ካፒቴን ማክላስኪ። እኔም ለዓመታት የማውቀው በዚያች ሚና ብቻ ነበር። ሰውየው ግን ስተርሊንግ ሃይደን ይባላል፤ የኖረው ሕይወት ደግሞ ከሠራቸው ፊልሞች ከአብዛኞቹ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1916 ኒው ጀርሲ ተወለደ። በ16 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን ጥሎ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ኒውፋውንድላንድ አካባቢ ባለው ቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ አጠመደ፣ በሸራ መርከብ ዓለምን ዞረ፣ በ22 ዓመቱ ደግሞ ካፒቴን ሆኖ አንዲት የሸራ መርከብ ከማሳቹሴትስ ግሎስተር ተነስቶ ታሂቲ ድረስ ወሰደ። በ22! ብዙዎቻችን በዚያ ዕድሜ የመመረቂያ ጽሑፍ እንቅልፍ ይነሳናል።

ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 ገደማ፣ ፀጉሩ ወርቃማ። ጋዜጦች ፎቶውን ማውጣት ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ፓራማውንት አስፈረመውና «በፊልም ዓለም እጅግ ውቡ ወንድ» እያለ ያስተዋውቀው ጀመር። ትወና ተምሮ አያውቅም። እሱ የፈለገው የራሱን መርከብ መግዣ ገንዘብ ነበር፣ በቃ።

በመጀመሪያ ፊልሙ ከማን ጋር ቢያጣምሩት ጥሩ ነው? ከማደሊን ካሮል ጋር! የሂችኮክ «ዘ 39 ስቴፕስ» ኮከብ፣ በዘመኑ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙ ተዋናዮች አንዷ፣ የቀድሞ ባሏ የእንግሊዝ ከፍተኛ መደብ መኮንን፣ ፈረንሳይ ውስጥ የራሷ ሻቶ ያላት ሴት። እሱ ደግሞ እጁ በገመድ የሻከረ መርከበኛ። ተዋደዱ፤ በየካቲት 1942 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ያለ ብዙ ግርግር ተጋቡ።

ዛሬ ቢሆን ሰርጉ ብቻ ለአንድ ወር ቲክቶክን ያጨናንቅ ነበር። እነሱ ግን ካሜራውን ሸሹት። የማደሊን እህት በ1940 ጀርመኖች ለንደንን ሲደበድቡ ተገድላለች። ማደሊን ከዚያ በኋላ ፊልሙን ትታ ወደ ቀይ መስቀል ሥራ አዘነበለች፤ ሻቶዋንም ወላጅ ላጡ ሕፃናት መጠለያ አደረገችው። ሃይደንም ሆሊውድን ጥሎ ስኮትላንድ ውስጥ የኮማንዶ ሥልጠና ገባ፤ በፓራሹት ሲዘል ተጎዳና ተመለሰ። ቀጥሎ በተራ ወታደርነት ማሪን ተቀጠረ። የፊልም ዝናው እንዳይከተለው ስሙን «ጆን ሃሚልተን» ብሎ ለወጠ። ከዚያ የሲአይኤ ቀዳሚ የሆነው ኦ.ኤስ.ኤስ. ወሰደው።

እዚህ ጋ ነው የልጅነት ሙያው ዋጋ ያወጣው። በመስከረም 1943 ኢጣሊያ እጅ ስትሰጥ፣ ከአድሪያቲክ ባሕር ማዶ የዩጎዝላቪያ ፓርቲዛኖች ጀርመንን በባዶ ሆድና በጥቂት ጥይት እየተዋጉ ነበር። መሣሪያ፣ ምግብ፣ መድኃኒት ማን ያሻግርላቸው? ባሕሩ ላይ የጀርመን አውሮፕላን ያንዣብባል፣ የጥበቃ ጀልባ ይዞራል። ሃይደን ከደቡብ ኢጣሊያዋ ሞኖፖሊ ወደብ ከፓርቲዛኖች ጋር ሆኖ በትናንሽ አሮጌ ጀልባዎች ጭነቱን ማመላለስ ያዘ። ጨለማን ተገን አድርጎ ቪስ ወደምትባለው ደሴት መቅዘፍ፣ ጎህ ሳይቀድ መደበቅ፣ ሲመሽ እንደገና። ጠላት በያዘው ምድር የወደቁ አብራሪዎችን ለማስወጣት በተደረገ ሥራም ተሳትፏል። አሜሪካ ሲልቨር ስታር ሸለመችው፤ ቲቶም እውቅና ሰጠው።

በ1944 ማደሊንም እዚያው ደቡብ ኢጣሊያ፣ ፎጃ በሚገኝ የጦር ሆስፒታል ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ክልል፣ በአንድ ጦርነት፣ በየፊናቸው። ትዳሩ ግን ከጦርነቱ አልተረፈም፤ በ1946 ተፋቱ።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሃይደን ለፓርቲዛኖቹ በነበረው አድናቆት የተነሳ በ1946 ለጥቂት ወራት የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1951፣ ሆሊውድ ውስጥ «ኮሚኒስት» መባል እንጀራ በሚያስቀርበት ሰሞን፣ በአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ተናዘዘ፣ የሰዎችንም ስም ጠራ። ከጠራቸው መካከል የቀድሞ ፍቅረኛው ነበረች።

እንግዲህ አስቡት። የጀርመን አውሮፕላን ያላስቆመው ሰው በማይክራፎን ፊት ተሸነፈ። ልጆች ነበሩት፣ ሥራው አደጋ ላይ ነበር፤ ይገባኛል። ግን የእሱ ሥራ ሲተርፍ የሌሎች ቀረ። ኧረ ምኑን ነው የምናመካኝለት? እሱ ራሱም አላመካኘም። በ1963 ባሳተመው «ዋንደረር» በተባለው የሕይወት ታሪኩ ራሱን ምን ያህል እንደናቀ ያለ ምንም ማለባበስ ጽፎታል። በዚያ ዘመን ስም ከጠሩት ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው ራሳቸውን ሲከላከሉ ስለኖሩ፣ እኔ ለዚህ መጽሐፍ ክብር አለኝ።

ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር ሲፋታ የአራቱ ልጆች አሳዳጊነት ለእሱ ተወሰነ። በ1959 ፍርድ ቤት ልጆቹን ይዞ እንዳይሄድ ቢከለክለውም፣ ትእዛዙን ጥሶ ሁሉንም በመርከቡ ጫነና ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተነስቶ ታሂቲ ገባ።

ሲመለስ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥረው ብቻ ብቅ እያለ ይተውን ነበር፤ የኩብሪክ «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ላይ ያለው እብዱ ጄኔራል እሱ ነው። በ1986 በ70 ዓመቱ አረፈ። ከመሞቱ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ የጀርመናውያን ጥናታዊ ፊልም አለ፦ ፈረንሳይ ውስጥ ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባው፣ ጢሙን አንዠርግጎ፣ እየጠጣ፣ ስላደረገውና ስላላደረገው ነገር ለሰዓታት ሲያወራ።