የፍሪሲዮን እጀታ በሌለው ሞተር ብስክሌት ላይ የሚደርስ የማርሽ እክልና የምርመራው አካሄድ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ለመስክ ሥራ ከሚያገለግሉት ሞተር ብስክሌቶች መካከል አንዳንዶቹ በግራ እጅ የሚጨበጥ የፍሪሲዮን እጀታ የላቸውም። ነጂው ማርሽ የሚቀይረው በእግሩ ብቻ ነው። ይህ አሠራር በሰፊው የታወቀው የጃፓኑ ሆንዳ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ማምረት በጀመረው «ሱፐር ካብ» በተባለው ሞተር ብስክሌት ሲሆን፣ የዚሁ ዝርያ የሆኑት ሞዴሎች ብዛት እ.ኤ.አ. በ2017 100 ሚሊዮን ደርሷል። ሲቲ 110 የተባለው ሞዴል በአውስትራሊያ ለፖስታ አዳዮችና ለእርሻ ሥራ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። በቺንጋ የሚነዳውና ከነጭራሹ ማርሽ የማይቀየርበት ስኩተር ግን አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም።

በእነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ማርሽ አልገባ ሲል «ካምቢዮው ተሰብሯል» ብሎ መፍረድ የተለመደ ነው። ካምቢዮው ያለው በሞተሩ ሆድ ውስጥ በመሆኑ ጥርሶቹን ለማየት ሞተሩ ወርዶ ለሁለት መከፈል ይኖርበታል። ይህም ለማኅበሩ ከባድ ወጪ ነው፤ ለልማት ሠራተኛውም በዘር ወይም በክትባት ወቅት በእግር መሄድ ማለት ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነው ሞተሩ ከተከፈተ በኋላ ጥርሶቹ ደኅና ሆነው ሲገኙ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት።

አሠራሩ

ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ስለሚሰበሰቡ ሞተሩና የኋላ ጎማው አይገናኙም። በዚህም ምክንያት ማርሽ ገብቶ እንኳ ሞተሩ ሳይጠፋ መቆም ይቻላል። ነዳጅ ሲሰጥ ክብደቶቹ በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ እየሸሹ ፍሪሲዮኑን ያያይዙታል።

የማርሽ ፔዳሉ ሁለት ሥራ አለው። እግር ሲጫነው በመጀመሪያው እርምጃ ፍሪሲዮኑን ያለያያል፤ በሁለተኛው እርምጃ ማርሹን ያዛውራል። ሲለቀቅ ፍሪሲዮኑ ተመልሶ ይያያዛል። በመሆኑም ይህ ፔዳል የማርሽ መቀየሪያም የፍሪሲዮን መርገጫም ነው። ይህን ያልተረዳ ነጂ እየሄደ እግሩን በፔዳሉ ላይ ያሳርፋል፤ ፍሪሲዮኑም በከፊል ተለያይቶ እየተንሸራተተ ሸራው ያልቃል። በኮረኮንች ላይ እግርን ማሳረፍ ስለሚመች ይህ ልማድ በብዙዎች ዘንድ አለ። ማኅበሩ አዲስ ሸራ ከመግዛቱ በፊት ነጂው እግሩን የት እንደሚያደርግ ቢመለከት ይጠቅመዋል።

የማርሹ አቀማመጥም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። በብዙዎቹ የፊተኛው የፔዳል ጫፍ ሲረገጥ ማርሹ ይጨምራል፣ የኋለኛው በተረከዝ ሲረገጥ ይቀንሳል። በተለመደው ሞተር ብስክሌት ላይ የሠለጠነ ሰው ፔዳሉን ወደ ላይ እየሳበ «አልገባም» ማለቱ የሚያስገርም አይደለም።

ዋናው ፈተና

ሞተር ብስክሌቱ በመካከለኛው ማቆሚያ ቆሞ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሣ። ሞተሩ ይጥፋ። አንድ ሰው ጎማውን በእጁ በዝግታ እያዞረ ሌላው ፔዳሉን በእጁ እየተጫነ ማርሾቹን በተራ ያስገባ። ጎማው ሳይዞር ይህን መሞከር ዋጋ የለውም፤ የጥርሶቹ ጉጦች ከቀዳዳዎቻቸው ጋር ካልተገጣጠሙ ደኅነኛ ካምቢዮም አይገባም።

ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በደንብ ከገቡና ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የፍሪሲዮኑ አለመለያየት ወይም የሚኒሞው ከፍ ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶም የማይገባ ከሆነ ፔዳሉን፣ ዘንጉን፣ በመጨረሻም የውስጡን ክፍል መጠርጠር ይገባል። ይህ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሩብ ሰዓት በላይም አይወስድም።

ማርሹ ሲገባ የሚያጓራ ወይም የሚደነድን ከሆነ

በመጀመሪያ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ሚኒሞው ይታያል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ትክክለኛው በደቂቃ ከ1,400 እስከ 1,500 ዙር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቶቹ ያለ ጊዜያቸው ስለሚያያዙ ማርሽ ሲገባ ሞተር ብስክሌቱ ይዘላል፤ ማርሽ ገብቶ ሲቆምም ወደ ፊት ይጎትታል። በገበያ መካከል ሰው ላይ ሊወጣ ይችላልና በቸልታ መታለፍ የለበትም። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ በዝግታ መዞሩ ብቻውን ግን ብልሽት አይደለም፤ የዘይቱ ውፍረት ይጎትተዋል። ፍሬን በቀስታ ሲያዝ ከቆመ ደኅና ነው።

ሚኒሞው ትክክል ሆኖ ችግሩ ካልለቀቀ የፍሪሲዮኑ ማስተካከያ ይታያል። ይህም በሞተሩ ቀኝ ክዳን ላይ የሚገኝ፣ የካቻቢቴ ጥርብ ያለው ቡሎን ሲሆን ዙሪያውን በዳዶ ተይዟል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ላዩ በትንሽ ክዳን ይሸፈናል። ሞተሩ ጠፍቶ ዳዶው ይላላል። ቡሎኑ በሰዓት አቅጣጫ አንድ ዙር ይዞራል፤ ከዚህ አይለፍ። ከዚያም በተቃራኒው አቅጣጫ በዝግታ እየዞረ መጠነኛ ተቃውሞ በእጅ ሲሰማ ይቆማል። ከዚህ ነጥብ በሰዓት አቅጣጫ የዙር አንድ ስምንተኛ (1/8) ይመለሳል። ቡሎኑ በካቻቢቴ እንደተያዘ ዳዶው ይጠብቃል። ተቃውሞው በተሰማበት ቦታ ከተተወ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይያያዝ ይንሸራተታል። ይህ አሠራር ለሆንዳና ለአምሳያዎቹ ነው፤ በሌሎች ፋብሪካዎች ሥራ ላይ አቅጣጫው ሊለወጥ ስለሚችል መመሪያ መጽሐፉ ይታይ።

ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት ካጣ

ይህ መንሸራተት ነው። በዳገት ላይና ጭነት ሲኖር ይበልጥ ይታያል። ከላይ የተገለጸው ማስተካከያ ትክክል ከሆነ ዘይቱ ይጠየቃል። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚሠሩት በአንድ ዘይት ነው፤ መጠኑም ከ1 ሊትር የማይበልጥ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የማንሸራተቻ ቅመም የተጨመረበት የመኪና ዘይት ከተሞላ ሸራው አይጨብጥም። በቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል የሞተር ብስክሌት ዘይት ምልክት ያለው ይመረጣል። ልኩ ሲታይ ሞተር ብስክሌቱ በሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መለኪያው ተጠርጎ ሳይጠበቅ እስከ አንገቱ ይገባና ወጥቶ ይነበባል። ዘይቱ ተለውጦም መንሸራተቱ ከቀጠለ ሸራው ሳያልቅ አልቀረም። ሸራው በቀኙ ክዳን በኩል ስለሚለወጥ ሞተሩን ለሁለት መክፈል አያስፈልግም። «ሞተሩ ይውረድ» ለሚል መካኒክ ይህን ማስታወስ ያሻል።

ማርሹ ከገባ በኋላ የሚወጣ ወይም ፔዳሉ የማይመለስ ከሆነ

ሞተር ብስክሌቱ በግራ ጎኑ ወድቆ እንደሆነ ይጠየቅ። ፔዳሉ በዚያ ወገን ስለሆነ ይታጠፍና የእግር ማሳረፊያውን ወይም የሞተሩን ክዳን እየነካ ጉዞው ያጥራል። በዋልካ አገር በክረምት በፔዳሉና በክዳኑ መካከል የደረቀ ጭቃም ይህንኑ ያደርጋል፤ በውኃ ታጥቦ መላቀቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቀጥሎ የፔዳሉ ቡሎን ይጠበቅ፣ የዘንጉ ጥርስ ተበልቶ እንደሆነም ይታይ። ካቴናው ከመጠን በላይ ላልቶ ሲመታም ጉዳቱ የማርሽ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ምክንያቱ በውስጥ ነው። እዚህም ላይ ልዩነት አለ። ሁሉም ማርሽ የሚወጣ ወይም ቦታውን የማይዝ ከሆነ ማርሹን በቦታው የሚያቆመው ክንድና ሞላው ይጠረጠራሉ፤ በካብ ዓይነቶቹ እነዚህ በቀኙ ክዳን ስር፣ ከፍሪሲዮኑ በስተኋላ ይገኛሉ። ሌላው ደኅና ሆኖ አንዱ ማርሽ ብቻ፣ ያውም ነዳጅ ሲሰጥ የሚወጣ ከሆነ የዚያ ማርሽ ጉጦች ወይም ሹካው ተበልተዋል። ሞተሩን ለሁለት መክፈል የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው።

ወደ ጋራዥ ሲላክ የታየው ነገር በጽሑፍ አብሮ ይሂድ፦ ሞተሩ ጠፍቶ የገቡትና ያልገቡት ማርሾች፣ ማስተካከያው መደረጉ፣ የዘይቱ ዓይነትና የተለወጠበት ቀን። የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎችም ለማኅበሩ እንዲመለሱ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

ዘይት ሲወርድ የብረት ስባሪ ከተገኘ፣ ወይም ማርሹ ተቆልፎ ባዶ ማርሽ ማግኘት ካልተቻለ ሞተር ብስክሌቱ አይነዳ። በጉዞ ላይ ካምቢዮው ቢቆለፍ የኋላ ጎማው አብሮ ይቆማል። በመኪና ወይም በጋሪ ተጭኖ ይወሰድ።